ዶሮ ፋሂታ በሩዝ፦ ከሥራ መልስ ለሚሠራ እራት

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቤት የምገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ልጆቼ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው። እንጀራ በወጥ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበላሉ፤ ከዚያ ካለፈ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። የሚወዱት ከውጭ የሚገዛውን የዶሮ ፋሂታ በሩዝ ነው። ለአራት ሰው በየጊዜው መግዛት ግን ኪሴን ጎዳው። ቤት ስሠራው ደግሞ ዶሮው ውሃ ይለቅና ይቀቀላል፤ ቃሪያው ይልፈሰፈሳል፤ ሩዙ ይላቁጣል። ማታ የሚሠራው ባለቤቴ በርበሬ ጨምሪበት ይለኛል። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ እኔ እጾማለሁ፤ ልጆቹ ገና አልጀመሩም። በአንድ ምሽት ሁለት ዓይነት እራት መሥራት ሰለቸኝ። ምን ይሻለኛል?»

የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ ሙያ አንሶሽ አይደለም። እንዲያውም ወጥ የለመደ እጅ ስላለሽ ነው ይሄ ሁሉ የሚሆነው። ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱን በዝግታ እናቁላላለን። ውሃ ጠብ እናደርጋለን፣ እንከድናለን፣ ሁሉም ጣዕሙን እስኪሰጣጥ እንጠብቃለን። ፋሂታ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ደረቅ ዶሮ፣ የጋለ መጥበሻ፣ ክዳን የለም፣ ጊዜውም አጭር። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ይበስልና ሳህን ላይ ይገናኛል። ስለዚህ ምድጃው ፊት ስትቆሚ ዶሮ ወጥን እርሺና ደረቅ ጥብስን አስቢ። ጥብስ መሥራት ደግሞ ታውቂበታለሽ።

የምግቡ መነሻም ይሄው ጥብስ ነው። ፋሂታ የደቡብ ቴክሳስ ምግብ ነው። በሪዮ ግራንዴ ወንዝ አካባቢ ከብት የሚያግዱ ሜክሲኳውያን፣ ሌላው የማይፈልገውን ከበሬው ሆድ አካባቢ የሚወጣ ቀጭን ሥጋ እሳት ላይ እየጠበሱ ይበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰኒ ፋልኮን የሚባል ሰው ካይል በምትባል የቴክሳስ ከተማ በበዓል ቀን ለገበያ አቀረበው። በ1973 ደግሞ ኒንፋ ሎሬንዞ ሂዩስተን ውስጥ ምግብ ቤት ከፍታ ይበልጥ አስተዋወቀችው። ዶሮው የተከተለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሩዝ ላይ ሆኖ በጎድጓዳ ሳህን መቅረቡ ደግሞ ከሁሉም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ከጥንቱም መረቅ የለውም።

ከዶሮው እንጀምር። አጥንትና ቆዳ የሌለው የዶሮ ጭን ግዢ። ደረቱ ትንሽ ካለፈ ክር ክር ይላል። ጭኑ ግን ስብ ስላለው ልጅ ጠርቶሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብታሳልፊውም አይደርቅም። ለአራታችሁ አንድ ፓውንድ ተኩል፣ ማለትም 700 ግራም አካባቢ ይበቃል።

አሁን የማይዋጥልሽ ነገር ልናገር። እኛ ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግመን አጥበን፣ ውሃው ጥርት ካላለ አናምንም። ቤት ታርዶ፣ ላባው ተነጭቶ፣ ለ12 ብልት ለሚወጣ ዶሮ ያ ሁሉ እጥበት ምክንያት ነበረው። ከሱፐርማርኬት ታሽጎ ለሚመጣው ግን የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ምክሩ አትጠቡት ነው። ሲታጠብ የሚፈናጠረው ውሃ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉትን ጀርሞች ማጠቢያው ዙሪያ፣ የተቆረጠው ሰላጣ ላይ፣ የልጆቹ ብርጭቆ ላይ ያዳርሳል። ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው። ሆዴ አይቀበለውም ካልሽ እኔም ይገባኛል። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ማጠቢያው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንሺ፤ ቧንቧውን በኃይል አትክፈቺው፤ ስትጨርሺ ማጠቢያውን በሳሙና እጠቢና በበረኪና አብሺው።

ታጠበም አልታጠበም፣ ዶሮው መድረቅ አለበት። ይሄን አደራ እልሻለሁ። እያንዳንዱን ቁራጭ በወረቀት ፎጣ ከላይም ከታችም ጫን ጫን አድርጊው። ወረቀቱ እርጥበት መጠጣቱን እስኪያቆም ድረስ ቀይሪለት። ውሃ እስካለበት ድረስ የዶሮው ላይኛ ገጽ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አያልፍም፤ ያ ደግሞ የመቀቀል ሙቀት ነው። ቡናማ መሆንና ያ የምግብ ቤት ሽታ የሚመጣው ከ140 ግድም ጀምሮ ነው። ዶሮሽ የሚቀቀለው ለዚህ ነው። አንዱ ውሃ ከማጠቢያው ይዞት የሚመጣው ነው። ሌላው መጥበሻው ሲጨናነቅ ራሱ የሚለቀው ነው።

ቅመሙ ቀላል ነው። ለዚህ መጠን ዶሮ ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ አንድ ፓፕሪካ፣ አንድ ኦሬጋኖ፣ አንድ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ ግማሽ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ከሩብ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ከሙን ያልኩት ራሱን ከሙንን ነው። በነጭ አዝሙድ ወይም በጥቁር አዝሙድ አትተኪው፤ ጣዕሙ ሌላ ቦታ ይሄድብሻል። ነጭ ሽንኩርቱን በዱቄት ያደረግሁት የተከተፈው በጋለ መጥበሻ ላይ ቶሎ አርሮ ስለሚመር ነው። በፓኬት የሚሸጠው የፋሂታ ቅመም ቢቸግርሽ ይሆናል። ግን ብዙውን ጊዜ ጨው ይበዛበታል፤ እሱን ካደረግሽ ሌላ ጨው አትጨምሪ።

ሎሚውን ግን መጨረሻ ላይ አድርጊው። ብዙ ሰው ጠዋት በሎሚ ዘፍዝፎ ይሄድና ማታ ዶሮው ላዩ ነጥቶ፣ ዱቄት ዱቄት ብሎ ያገኘዋል። አሲዱ ሥጋውን ሳይበስል ስለሚለውጠው ነው። ጨውና ቅመሙ ሌሊቱን ሙሉ ቢያድርበት ይጠቅመዋል። የአንድ ሎሚ ጭማቂ ዶሮው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው የሚጨመቀው።

ለባለቤትሽ ደግሞ እንዲህ በዪው። በርበሬ የሚጣፍጠው በሽንኩርትና በዘይት ተቁላልቶ፣ ጊዜ ተሰጥቶት ነው። በደረቅ ግለት ላይ በአንዴ ያራል። ውስጡ ያለው ኮረሪማም ምግቡን ወደ ወጥ ይጎትተዋል። ያንን ደግሞ ልጆቹ ያውቁታል፤ ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ለሱ ነው። አዋዜ ወይም ሚጥሚጣ በትንሽ ስኒ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪለት። እንደ ፍላጎቱ ጣል ያድርግ።

ወደ መጥበሻው እንሂድ። የብረት መጥበሻ ካለሽ እሱን አውጪው። ቴፍሎን ብቻ ከሆነ ያለሽ መካከለኛ እሳት ላይ ሥሪ፤ ባዶውን አታግዪው። ብረቱን ሦስት አራት ደቂቃ አግዪና እንደ ካኖላ ያለ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ዘይት ጨምሪ። ዶሮውን ሳትቆርጪ እንዳለ፣ ጠፍጣፋውን ወደ ታች አድርገሽ ደርድሪው። በቁራጮቹ መሀል ጣት የሚያስገባ ቦታ ይኑር። ካልበቃ በሁለት ዙር ጥበሺ። አሁን እጅሽን ሰብስቢ። ማማሰል የለም፣ መክደን የለም። መጀመሪያ ሲያስቀምጡት ዶሮው ብረቱን ይዞ አልላቀቅም ይላል። አምስት ስድስት ደቂቃ ሲሆነው ግን ራሱ ይለቃል። ያኔ ገልብጪው፤ ዳር ዳሩ የጠቆረ፣ መሀሉ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከሌላው ወገን አራት አምስት ደቂቃ በቂ ነው። የምግብ ቴርሞሜትር ርካሽ ነገር ነውና ግዢ። ወፍራሙ ቦታ ላይ ስትሰኪው 165 ፋራናይት፣ ማለትም 74 ሴልሺየስ ካሳየ በስሏል። ጭን እስከ 175 ፋራናይት ድረስ ቢሄድ ይበልጥ ይለሰልሳል። ከዚያ ሳህን ላይ አምስት ደቂቃ ይረፍ። ወዲያው ከቆረጥሽው ጭማቂው መክተፊያው ላይ ይቀራል። ሲቆረጥ የሥጋውን ክር አቋርጦ በአግድም ነው።

አፓርታማ ከሆነ የምትኖሪው የጭስ ማንቂያው ሊጮህብሽ ይችላል። ከመጀመርሽ በፊት የምድጃውን አየር ማስወጫ ክፈቺ፣ መስኮቱንም ገርበብ አድርጊ።

መጥበሻውን አትጠቢው። ሥሩ የተጣበቀው ቡናማ ነገር የዶሮው ጣዕም ነው። ቤል ፔፐር የሚባለውን ትልቁን የፈረንጅ ቃሪያ ሦስት፣ አንድ ትልቅ ሽንኩርት ደግሞ ጣት በሚያህል ስፋት ቆርጠሽ ወደዚያው ጨምሪ። ቀይና ቢጫው ጣፋጭ ስለሆነ ልጆች ይወዱታል። እዚህ ላይ ነው የወጥ እጅሽ የሚፈትንሽ። ሽንኩርቱ እስኪቀላ፣ እስኪሟሟ እንዳትጠብቂ። አራት አምስት ደቂቃ፣ ትልቅ እሳት፣ አልፎ አልፎ ገልበጥ ማድረግ ብቻ። ጠርዙ ጠቆር ሲል፣ ሲነከስ ቀጭ ሲል አውርጂው። ጨውን መጨረሻ ላይ ነስንሺ፤ ቀድመሽ ካደረግሽው ውሃውን ያወጣዋል። ሎሚውንም አሁን ጭመቂበት። ሥሩ የተጣበቀው ይላቀቅና አትክልቱን ይለብሰዋል።

ሩዙ የሚላቁጠው ውሃ በዝቶበት ወይም ተማስሎ ነው። ረዥሙን ሩዝ ግዢ፤ ባስማቲም ጃስሚንም ይሆናል። ውሃው ወተት መምሰሉን እስኪቀንስ ሦስት አራቴ እጠቢውና አጥልዪው። ላዩ ላይ ያለው ስታርች ነው የሚያጣብቀው። ለሁለት ኩባያ ሩዝ ሦስት ኩባያ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው። አንዴ ሲፈላ እሳቱን መጨረሻ ዝቅ አድርገሽ ክደኚና 15 ደቂቃ ተዪው። ክዳኑን አትክፈቺ። ከዚያ እሳቱን አጥፍተሽ ሌላ 10 ደቂቃ እንደተከደነ ይቆይ። በሹካ ፈልፈል አድርገሽ ሎሚና የተከተፈ የድንብላል ቅጠል ካደረግሽበት ልጆቹ ከውጭ ከሚበሉት አይለዩትም። የሩዝ ማብሰያ ማሽን ካለሽ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ትገላገያለሽ።

ባቄላው የቆርቆሮ ጥቁር ባቄላ ይሁን። አጥልለሽ በትንሽ ዘይት፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት አሙቂው። አንድ ነገር ግን አስተውዪ። የተፈጨውን፣ ሪፍራይድ የሚሉትን የምትገዢ ከሆነ ቆርቆሮውን አንብቢ። ላርድ የሚል ከተጻፈበት የአሳማ ስብ አለበት፤ ለጾምም ለፍስክም የሚሆንሽ አይደለም። ቬጀቴሪያን የሚል የተጻፈበት አለ።

ሳልሳውን ደግሞ ማንም ሊያስተምርሽ አይችልም። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጨው። የቲማቲም ሰላጣ ስትሠሪ ኖረሻል። የድንብላል ቅጠል ብቻ ጨምሪበት።

ጾሙን በሚመለከት፣ ይሄ ምግብ ለአንቺ ቤት ልክ ነው የምለው ለዚህ ነው። ወጥ አንድ ድስት ነው፤ ዶሮ ከገባበት ገባበት። እዚህ ግን ሁሉም ለየብቻው ስለሚቀመጥ ሩዙ፣ ባቄላው፣ ቃሪያው፣ ሳልሳው፣ አቮካዶው ሁሉ ያንቺ ነው። ረቡዕና ዓርብ ቅደም ተከተሉን ብቻ ገልብጪ። ንጹሕ መጥበሻ ላይ መጀመሪያ አትክልቱን በዘይት ጥበሺና ያንቺን ድርሻ በሳህን አንሺው። ከዚያ በፊት እንጉዳይ ወፈር ወፈር አድርገሽ ቆርጠሽ ያንኑ የፋሂታ ቅመም ነስንሰሽ ብትጠብሺማ አይቆጭሽም። እንጉዳይም ውሃ ስለሚለቅ ሰፋ አድርገሽ ደርድሪው፤ ውሃው ተኖ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ታገሺው። ዶሮው ከአትክልቱ ኋላ ይገባል። ማማሰያና መክተፊያ ለይተሽ ያዢ። ለልጆቹ ሳወር ክሪም ወይም እርጎ ታቀርቢያለሽ። ላንቺ አቮካዶ በሎሚና በጨው ተፈጭቶ የዚያን ቦታ ይሸፍናል። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ሁለቴ የሚገጥምሽ ጣጣ ነው። በአንድ እራት መፍታቱ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ጊዜውስ? ድካሙ የሚቀልልሽ እሁድ ላይ ነው። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቃሪያውንና ሽንኩርቱን ቆርጠሽ ለየብቻቸው ሥሩ ወረቀት ፎጣ በተነጠፈበት ዕቃ ፍሪጅ አስገቢ። ሦስት አራት ቀን ይቆያል። የሁለት ምሽቱን ዶሮ ቀምመሽ ለሁለት ክፈዪው። የሰኞው ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ ጥሬ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይምና። የሐሙሱን በፕላስቲክ ከረጢት በስሱ ዘርግተሽ ፍሪዘር አድርጊው። ረቡዕ ማታ ወደ ፍሪጅ ታወርጂዋለሽ፤ በስሱ ስለተዘረጋ ሐሙስ ማታ ቀልጦ ይጠብቅሻል። ማጠቢያ ላይ አውጥተሽ አታቅልጪው።

ከሥራ ስትመለሺ ልብስሽን ሳትቀይሪ ሩዙን ጣጂ። ሩዙ እየበሰለ ሌላው ሁሉ ያልቃል። የ13 ዓመቱ ልጅሽ ሩዙን ራሱ ሊጥደው ይችላል። አንቺ ከመግባትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት መልእክት ላኪበት። ትንሹ ሳልሳውንና አቮካዶውን በየሳህኑ ይደርድር። ራሳቸው የሠሩትን ልጆች ይበላሉ። ሳህኑንም አንቺ አትሙዪላቸው። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና እያንዳንዱ የሚወደውን ያንሳ። ቃሪያ የማይነካ ልጅ ካለ ጭቅጭቁ ይቀንስልሻል።

መቆም ያቃተሽ ቀን ደግሞ አለ። ያን ቀን ዶሮውንም አትክልቱንም በሰፊ የኦቭን ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርጊና 425 ፋራናይት፣ ማለትም 220 ሴልሺየስ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ አስቀምጪው። እንደ መጥበሻው አይጠቁርም፤ ግን ጥሩ እራት ነው፣ አንቺም ትቀመጫለሽ።

የመጨረሻው የባለቤትሽ ሳህን ነው። ማታ ነው የሚሠራው ብለሻልና፣ ምግቡ ምድጃ ላይ እስኪመጣ እንዲጠብቀው አታድርጊ። በተለይ ሩዙን። በሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሴሬውስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዘሩ ሲቀቀል አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ለብ ብሎ ከቆየ ይራባና መርዝ ያወጣል፤ ያ መርዝ ደግሞ ተመልሶ ቢሞቅም አይጠፋም። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰፋ ያለ ዕቃ ላይ በትነሽ ፍሪጅ አስገቢው። በሦስት አራት ቀን ውስጥም ይበላ። ዶሮና ሩዙን በአንድ ዕቃ፣ ሳልሳና አቮካዶውን በሌላ አድርጊለት። ማይክሮዌቭ ከማስገባቱ በፊት ሩዙ ላይ አንድ ማንኪያ ውሃ ይርጭበት፣ ይክደነው፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ያሙቀው። ቀዝቃዛውን ከዚያ በኋላ ከላይ ያድርግ። አዋዜውም እዚያው አጠገቡ ይሁን።